ኬሚስትሪን ከኖራ መጀመር

የፋሲል ግቢን የሚጎበኝ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ነው። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ ድንጋዩን ከድንጋይ አጣብቆ የያዘውን ነጭ ነገር ግን ጠጋ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። እሱ ኖራ ነው። ዛሬም ለግድግዳ ቅብ ተብሎ በኪሎ ይገዛል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ደግሞ አብዛኛው እሱ ላይ ተሠርቶ ሊታይ ይችላል።

ከኖራ ሳንርቅ እንሂድ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍል ውስጥ ቀመር ሲማሩ ምሳሌው አሉሚኒየም ይሆናል፣ ማመጣጠን ሲማሩ ሃይድሮጅን፣ ሞል ሲማሩ ሶዲየም። ተማሪው አንዱን ሳይለምደው ሌላው ይመጣበታል፤ በመጨረሻ ሁሉም የፊደልና የቁጥር ክምር ይሆንበትና ወደ ሽምደዳ ይገባል። አንዲትን ነገር ከሥሯ እስከ ጫፏ ማወቅ ሠላሳ ቀመር ከመሸምደድ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት የቋንቋው ነገር አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የምናስበው በአማርኛ ነው፤ መሀል ላይ የሚፈስ ብዙ ነው። «ጋዝ» ሲባል ኩራዝና ምድጃ የሚለኮስበት ነጭ ጋዝ ትዝ የሚለው ተማሪ አለ። እሱ ፈሳሽ ነው። በኬሚስትሪ ጋዝ ማለት የራሱ ቅርጽም የራሱ ይዘትም የሌለው፣ ያስገቡትን ዕቃ ሁሉ የሚሞላ ነገር ነው። «ብረት»ም እንዲሁ ያሳስታል። ሰፈር ውስጥ ድስቱም ምስማሩም ብረት ነው፤ በኬሚስትሪ ግን ብረት አቶማዊ ቁጥሩ 26 የሆነ አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ነው። መዳብ፣ ወርቅና ካልሲየም ከእሱ ጋር «ብረታ ብረት» በሚባለው ወገን ይቆጠራሉ እንጂ ብረት አይደሉም። «ስኳሩ ሻይ ውስጥ ቀለጠ» እንላለን፤ አልቀለጠም፣ ሟሟ። ቅቤ ምጣድ ላይ ይቀልጣል፤ ለመቅለጥ ሙቀት ይበቃል፤ ለመሟሟት ግን አሟሚ የግድ ነው። «ጨው»ም ወጥ ውስጥ የሚገባው ብቻ አይደለም፤ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ከውሃው ጋር የሚቀረው ውህድ ሁሉ ጨው ይባላል፤ አንዳንዱ መርዝ ነው። ለነዚህ ለነዚህ ቃላት አንድ ትንሽ ደብተር ለይቶ፣ በአንድ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በሌላ በኩል በራስ አማርኛ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ ይጠቅማል። ከመዝገበ ቃላት የተገለበጠ ትርጉም አይረባም።

ምልክቶቹ ላይ ማምለጫ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ንጥረ ነገሮች በቃል መያዝ አለባቸው። የሚያደናግሩት ሁለት ናቸው፦ ሶዲየም «ኤን ኤ»፣ ፖታሲየም ደግሞ «ኬ» ተብለው የሚጻፉት ናትሪየምና ካሊየም ከሚሉት የላቲን ስሞቻቸው ነው። ሃያኛው ካልሲየም ነው፤ ዝርዝሩ የሚያልቀው ኖራችን ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ሁለተኛዋን ፊደል በትንሹ መጻፍ ብዙ ተማሪ ይዘነጋል። ቀልድ አይደለም። ትልቅ «ሲ» ከትንሽ «ኦ» ጋር ኮባልት የሚባል ብረታ ብረት ነው፤ ትልቅ «ሲ» ከትልቅ «ኦ» ጋር ግን ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

አሁን ወደ አቶሙ። ካልሲየም 20 ፖዘቲቭ ፕሮቶንና 20 ኔጌቲቭ ኤሌክትሮን አለው። ኤሌክትሮኖቹ በየደርባቸው 2፣ 8፣ 8፣ 2 ሆነው ይቀመጣሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ በቀላሉ ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ 18 ኤሌክትሮን ይቀራል፣ ያም እንደ አርጎን የተረጋጋ አደራደር ነው። ፕሮቶኑ ግን 20 እንደሆነ አለ። ስለዚህ ሁለት ፖዘቲቭ ትርፍ ያለው አዮን ሆነ። እዚህ ላይ ተማሪ «ኤሌክትሮን ከሰጠ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል፣ መስጠት መቀነስ አይደል?» ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የሰጠው ኔጌቲቩን ስለሆነ ነው። ዕዳውን የጣለ ሰው ሀብቱ እንደሚጨምር ማለት ነው።

ኦክስጅን 8 ኤሌክትሮን አለው፦ 2፣ 6። ስምንት ለመሙላት ሁለት ይጎድለዋል። ካልሲየም ሁለት ይሰጣል፣ ኦክስጅን ሁለት ይቀበላል፤ አንድ ለአንድ ተጣመሩ፤ ካልሲየም ኦክሳይድ ሆነ። ውሃ ያልነካው ኖራ ይኼ ነው። ሃይድሮክሳይድ የሚባለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ግን አንድ ኔጌቲቭ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ቀመሩ ሲጻፍ ጥንዱ በቅንፍ ይታሰርና 2 ቁጥሯ ከቅንፉ ውጭ ከታች ትቀመጣለች። ቅንፉን የረሳ ተማሪ አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ጻፈ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያሰላው ሁሉ 16 ግራም ይጎድለዋል። ስሕተቱ ቀመሩ ላይ ቢሠራም የሚታየው ሦስት ገጽ አልፎ ሞል ስሌት ላይ ስለሆነ ምንጩን ማግኘት ያስቸግራል። ካርቦኔት ሁለት ኔጌቲቭ አለው፤ ከካልሲየም ጋር አንድ ለአንድ ነው፤ ቅንፍ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሦስት ውህዶች ያዝን፦ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። የኖራ ሥራ በነዚህ በሦስቱ መሀል መመላለስ ነው። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እቶን ውስጥ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። እሱ ላይ ውሃ ሲፈስበት እየጮኸና እየተነነ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ሙቀቱ ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ኦክሳይድ የሚወጣው ሙቀት ሳይባክን ቢያዝ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል፤ ለዚህ ነው ውሃ ያልነካውን ኖራ ተማሪ እጅ ውስጥ ማስገባት የማይገባው። ከዚያ ይህ ውሃ የጠጣ ኖራ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግንቡ ላይ ይለሰናል። ግንቡ ላይ ሆኖ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ውሃ እየለቀቀ፣ ቀስ በቀስ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ከላዩ ይጀምርና ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወፍራም ግንብ ውስጥ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሲሚንቶ ግን በዋነኛነት የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው፤ ኖራ ነው አየር የሚፈልገው።

ሒሳቡን በኩንታል እናድርገው። ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16፣ ሃይድሮጅን 1 ብለን እንያዝ። ካልሲየም ካርቦኔት 40 እና 12 እና ሦስት ጊዜ 16፣ ድምሩ 100 ነው። ካልሲየም ኦክሳይድ 56። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44። አንድ ኩንታል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይገኛል፤ 44 ኪሎው በዓይን ሳይታይ በጭሱ መውጫ ሄደ። 56 ኪሎው 18 ኪሎ ውሃ ይጠጣና 74 ኪሎ ይሆናል። ግንቡ ላይ ከአየር 44 ኪሎ ይወስዳል፣ 18 ኪሎ ውሃ ይለቃል፦ 74 ሲደመር 44 ሲቀነስ 18 ተመልሶ 100። አዲስ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ለምን ቶሎ እንደማይደርቅ እዚህ ላይ አለ፤ ሲጠነክር ራሱ ውሃ ያወጣል።

ይኼን የኩንታል ሒሳብ በደንብ የተረዳ ተማሪ ኢኩዌሽን፣ ማለትም በቀመር የተጻፈ ለውጥ፣ ማመጣጠን አዲስ ነገር አይሆንበትም። የገባው አቶም ሁሉ መውጣት አለበት፤ ሌላ ሕግ የለውም። ከላይ ያሉት ሦስቱ የኖራ ለውጦች ሳይነኩ የተመጣጠኑ ናቸው። ውሃ የጠጣ ኖራ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ካልሲየም ክሎራይድና ውሃ ይሰጣል፤ እዚህ ሥራ አለ። በስተቀኝ ክሎሪን ሁለት ነው፣ በስተግራ አንድ። ስለዚህ አሲዱ ፊት 2 ይጻፋል። አሁን በስተግራ ሃይድሮጅን አራት ሆነ፤ ሁለቱ ከኖራው፣ ሁለቱ ከአሲዱ። ውሃው ፊትም 2 ይጻፋል። ኦክስጅን ሁለት ለሁለት፤ አለቀ።

ትልቁ ስሕተት ፊት የሚጻፈውን ቁጥር ትቶ ከታች ያለችውን ትንሽ ቁጥር መነካካት ነው። ውሃ ላይ አንድ ኦክስጅን ሲጎድል ከ«ኦ»ዋ ሥር 2 ጣል አድርጎ የሚያመጣጥን አለ። ቁጥሩ ይገጥማል፤ ግን ያ ውሃ አይደለም፤ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። የታችኛዋ ቁጥር የነገሩን ማንነት ትናገራለች፣ የፊተኛዋ ብዛቱን። ቅደም ተከተሉም ያግዛል፦ መጀመሪያ ብረታ ብረቱ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ከዚያ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን ሁልጊዜ መጨረሻ። እንደ ካርቦኔት ያለው ስብስብ በሁለቱም ወገን ሳይበተን ካለ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል። በሲሊንደር የሚመጣው ማብሰያ ጋዝ ውስጥ ያለው ቢዩቴን ሲነድ ኦክስጅኑ 6.5 ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ ሁሉንም በ2 ማባዛት ነው፦ 2 ቢዩቴን፣ 13 ኦክስጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 10 ውሃ።

ከዚህ በኋላ ሞል ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ ኬሚስትሪን የሚተወው እዚህ ነው። ጥፋቱ የቁጥሩ ግዝፈት ነው፤ 6.022 ሲባዛ በ10 ኃይል 23 ሲባል ሰው ይፈራል። ወደ ጤፍ እንመለስ። ነጋዴ ጤፍ በፍሬ ቆጥሮ አይሸጥም። ሺህ ፍሬ አንድ ላይ ቢመዘን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ግን የሺው ፍሬ ክብደት በትክክል ከታወቀ በኪሎው ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ ሳይቆጥሩ ማወቅ ይቻላል፤ መመዘን መቁጠር ሆነ ማለት ነው። ሞልም ይኸው ነው። አቶም ስለማይቆጠር እንመዝነዋለን። 40 ግራም ካልሲየም፣ 12 ግራም ካርቦንና 16 ግራም ኦክስጅን ብዛታቸው እኩል ነው፤ ያን ብዛት አንድ ሞል አልነው፤ እንደ ደርዘን። ጤፍና ባቄላ በፍሬ ብዛት እኩል ሆነው በክብደት እንደሚለያዩ ሁሉ፣ አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት 100 ግራም፣ አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ይመዝናል።

ስሌቱ ውስጥ የሚሠራው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ኢኩዌሽኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ግራም አድርጎ ማንበብ። «ሁለት አሲድ ለአንድ ኖራ» ማለት ሁለት ሞል ለአንድ ሞል እንጂ ሁለት ግራም ለአንድ ግራም አይደለም። መንገዱ ሁሌም ሦስት እርምጃ ነው፤ ግራሙን ወደ ሞል፣ ሞሉን በኢኩዌሽኑ ወደ ሌላው ሞል፣ ያንን ወደ ግራም። መካከለኛውን ዘልሎ ትክክለኛ መልስ ያገኘ ተማሪ ጥምርታው አንድ ለአንድ የሆነ ጥያቄ ስለገጠመው ነው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ይይዘዋል።

የጋዝ ስሌት ላይ ጎንደር የራሷ ጉዳይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው። መጽሐፉ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ይላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን እዚህ 93 አካባቢ ይቆማል። ተማሪው ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ደብተሩ ላይ 100 ይጽፋል። መጻፍ ያለበት 93ን ነው፤ መጽሐፉ የሚናገረው አንድ አትሞስፌር ግፊት ላለበት ቦታ ነው። ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ እዚህ ብዙ ሰዓት የሚፈጅበት ምክንያትም ይኸው ነው። እንዲሁ ደግሞ «አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው» የሚለው በ0 ዲግሪና በአንድ አትሞስፌር ነው። ጎንደር ላይ በ20 ዲግሪ ስንሠራ 22.4ን በ293 አባዝተን ለ273 እናካፍላለን፤ 24 ይሆናል። ያንን ለ0.78 ስናካፍል 31 ሊትር ገደማ ይመጣል። ስምንት ሊትር ልዩነት ትንሽ አይደለም።

አሁን እጅ የሚነካው ሥራ። የኖራ ውሃ ለመሥራት ውሃ የጠጣውን የቅብ ኖራ አንድ የሻይ ማንኪያ ወስዶ ግማሽ ሊትር ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መጨመር፣ ክዳኑን አጥብቆ መነቅነቅ፣ ሌሊቱን ማሳደር ነው። ጠዋት ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀስ አድርጎ ወደ ሌላ ንጹሕ ጠርሙስ መገልበጥ። ከሥር ብዙ ነጭ ይቀራል፤ አልተበላሸም፤ በሊትር የሚሟሟው 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። ተማሪ እንዲበዛለት ብሎ ያሞቀዋል፤ ይኼ ተቃራኒውን ያመጣል። ስኳር ሲሞቅ የበለጠ ይሟሟል፣ ኖራ ግን ሲሞቅ ያነሰ ነው የሚሟሟው።

ከጠለለው ላይ ሩብ ብርጭቆ ቀድቶ በስትሮ ቀስ ብሎ መተንፈስ። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውሃው ይደፈርሳል። ከአፍ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ሆኖ ካልሲየም ካርቦኔት ሠራ፤ በግንቡ ላይ ዓመታት የፈጀው ለውጥ ብርጭቆ ውስጥ ታየ። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ፤ አታቁሙ። ረዘም ላለ ጊዜ ሲነፋ ውሃው ተመልሶ ይጠራል፤ ካርቦኔቱ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ የሚሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት ይሆናል። ያንን የጠራ ውሃ ሲያሞቁት እንደገና ይደፈርሳል። ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ስትሮው ረጅም ይሁን፤ መንፋት እንጂ መሳብ የለም። የኖራ ውሃ ፒ ኤቹ (የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፤ ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ሳይደፈርስ ቢቀርስ? ኖራው አርጅቷል። አየር ሲያገኘው የቆየ ኖራ ከረጢቱ ውስጥ ራሱ ተመልሶ ካርቦኔት ሆኗል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ቁንጥር ኖራ ላይ ሎሚ መጭመቅ። ብዙ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ያለ ብዙ አረፋ ከተዋሃደ ገና ካርቦኔት አልሆነም። የጠለለው ውሃ ላይ ስስ ቅርፊት የሚሠራውም ጠርሙሱ ተከፍቶ ስላደረ ነው።

ሙሙት (አንድ ነገር የሟሟበት ፈሳሽ) ስለመሥራት አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ሌላውን መጽሐፉ በቂ አድርጎ ይዞታል። 250 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል ያለው) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለመሥራት 40 ሲባዛ በ0.1 ሲባዛ በ0.25፣ አንድ ግራም ይመዘናል። ስሕተቱ ከዚህ በኋላ ነው፤ አንዱን ግራም ወስዶ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ መጨመር። ትክክሉ መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ማሟሟት፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከዚያ ድምሩ 250 ምልክት ላይ እስኪደርስ ውሃ መሙላት ነው። ሲለካም ዓይን ከፈሳሹ ጋር እኩል ሆኖ የጎደጎደው ታችኛው ጠርዝ ይነበባል። ሃይድሮክሳይዱ ክፍት ከቆየ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ሚዛን ላይ አይጫወቱበት። አሲድ ሲቀጠን ደግሞ አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይፈስም። በተለይ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ጥቂት ውሃ ሲወርድበት ውሃው ከላይ ሆኖ በቅጽበት ይፈላና አሲዱን ፊት ላይ ይረጫል።

አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለይ የተገዛ ኢንዲኬተር ባይኖር ቀይ ጥቅል ጎመን ይበቃል። ሩቡን በቀጭኑ ከትፎ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ አሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ማጥለል። ሎሚ ጠብ ሲልበት ይቀላል፤ ሊጥ ላይ ከላይ የሚጠለው የእርሾ ውሃም ወደ ቀይ ይወስደዋል። ንጹሕ ውሃ ሐምራዊ እንደሆነ ይተወዋል። አመድ የታሸበት ውሃ ወደ አረንጓዴ፣ የኖራ ውሃ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያደርገዋል። በረኪና ግን ቀለሙን ራሱን ስለሚያጠፋው ምንም አይነግራችሁም። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ማቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል፤ ለሙከራም ቢሆን አይደረግ። የጎመኑ ውሃ ከሁለት ቀን በኋላ ይሸታል፤ በየጊዜው አዲስ መሥራት ነው።

ሁሉንም አንድ ላይ የሚያገናኘው ሥራ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ 95 በመቶ ገደማ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የግንቡ ኖራ የደረሰበት ነገር ማለት ነው። የሁለት እንቁላል ቅርፊት አሥር ደቂቃ ቀቅሎ ከውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን መላጥ፣ ለስላሳ ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ ማድረቅ፣ በሙቀጫ ማድቀቅ። ሽፋኑ ካልተላጠ አሲዱ እንዳይደርስ ይከለክላል፤ ክብደቱም በከንቱ ይቆጠራል። ምጣድ ላይ ትንሽ ቢጠቁር የተቃጠለው የሽፋኑ ቅሪት ነው፤ ካርቦኔቱን ምጣድ አይበትነውም፤ 900 ዲግሪ የት ተገኝቶ።

ከዱቄቱ 5 ግራም ይመዘን። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ቢሆን 0.05 ሞል ነው። አንድ ሞል ካርቦኔት አቼቶ ውስጥ ካለው አሴቲክ አሲድ ሁለት ሞል ይፈልጋል፤ ስለዚህ 0.1 ሞል፣ ማለትም 6 ግራም አሲድ። 5 በመቶ የሆነ አቼቶ ውስጥ ይህ 120 ሚሊ ሊትር ነው። እኛ ግን 200 እንጨምር፤ አሲዱ እንዲተርፍ እንጂ እንዲያንስ አንፈልግም። ቅርፊቱ ነው ቀድሞ ማለቅ ያለበት፤ ውጤቱን የሚወስነው ቀድሞ ያለቀው ነው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢበዛ 0.05 ሞል፣ 2.2 ግራም፣ ጎንደር ላይ በይዘት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል።

አፉ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ። ዕቃውን ከነአቼቶው፣ ዱቄቱን ከነወረቀቱ አንድ ላይ 0.1 ግራም በሚያነብ ሚዛን መዝኑ። ከዚያ ዱቄቱን በሦስት በአራት ጊዜ ጨምሩ፤ በአንዴ ከተጨመረ አረፋው ገንፍሎ ይፈስና ክብደቱ ከንቱ ይሆናል። ወረቀቱ ሚዛኑ ላይ ይመለስ። አጠገቡ በተመሳሳይ ዕቃ 200 ሚሊ ሊትር አቼቶ ብቻውን መዝናችሁ አስቀምጡ፤ በትነት የሚሄደውን እሱ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይፈላል፣ ከዚያ ይዘገያል፤ ጥቂት ሰዓታት ስጡት፤ በየመሀሉም ሁለቱንም ዕቃ እኩል ወዝወዝ አድርጉ። በመጨረሻ ሁለቱንም እንደገና መዝኑ፤ ከትነቱ ሌላ የጎደለው ክብደት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅርፊቱ ውስጥ ስንት ካርቦኔት እንደነበረ የሚነግረን እሱ ነው።

ቁጥሩ የሚያንስባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። ከ0.2 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአቼቶው ውስጥ ሟሙቶ ሊቀር ይችላል፤ መወዝወዝ ያስወጣዋል። የወጣውም ከአየር ስለሚከብድ፣ 44 ለ29፣ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ከላይ ተኝቶ ይመዘናል፤ ሰፊ ዕቃ የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ከመመዘን በፊት በወረቀት ማራገብ ነው። ከመጀመሪያው ድምር የመጨረሻውን፣ ከዚያም የብቻውን አቼቶ ኪሳራ ስትቀንሱ 2.0 ግራም ቢቀራችሁ፣ ለ44 ሲካፈል 0.0455 ሞል ነው፤ በ100 ሲባዛ 4.5 ግራም ካርቦኔት፤ ከ5 ግራሙ 91 በመቶ። ጥሩ ውጤት ነው። ከ2.2 ግራም በላይ ከወጣላችሁ ግን ቅርፊቱ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ነው፤ ወይ አረፋ ፈሷል፣ ወይ የአቼቶውን ትነት አልቀነሳችሁም፣ ወይ ወረቀቱ ከሚዛኑ ውጭ ቀርቷል። መጀመሪያ ወረቀቱን ፈልጉ።